“መሄድ” በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ፦ ጠማማውን ግስ እንደ ቅኔ ቤት ልጅ በቃል መያዝ

ባሕር ዳር ጣና ዳር ጀልባ ላይ የሚሠራ ልጅ ቀኑን ሙሉ አፉ ላይ የሚመላለስ ግስ ቢኖር “መሄድ” ነው። ወደ ዘጌ እንሄዳለን። ትናንት ሄደን ነበር። ጢስ ዓባይ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? በጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። እንግዳው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሆነ ግሱ “ጎ” ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆነ “አሌ” ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች፣ የተማከሩ ይመስል፣ በብዛት የሚፈለገውን ግስ ነው ጠማማ ያደረጉት።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት አስጎብኚ መሆን ለሚፈልግ ልጅ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ቁጭ ብሎ በስልኩ ፈረንሳይኛ የጀመረም ይጠቀምበታል። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ይዞት “ዌር ዲድ ዩ ዌንት” ከማለት ያልወጣም እንዲሁ። ብዙ ነን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የግስ ሰንጠረዥ በዓይን አይጠናም። ሰንጠረዡን ፎቶ አንስቶ ስልክ ውስጥ ማስቀመጥማ ጭራሽ ማጥናት አይደለም። ጎጃም ደግሞ በዚህ ነገር ከማንም መማር የለበትም። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በዲማ ጊዮርጊስ የግእዝ ግስ የሚጠናው በአፍና በጆሮ ነው። የኔታ ይነግራሉ፤ ተማሪው ይቀበላል፤ ማታ ጎጆው ውስጥ ደጋግሞ ያንበለብለዋል። አሥሩን መራሕያን፣ ማለትም ተውላጠ ስሞቹን፣ ከ“ውእቱ” (እሱ) እስከ “ንሕነ” (እኛ) ሳያቋርጥ ይወርዳቸዋል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ “ጎ”ን እና “አሌ”ን ልክ “ሄደ” የሚለውን የግእዝ ግስ “ሖረ”ን እንደምታጠኑ አጥኗቸው። ድምፅ አውጥታችሁ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በቃል።

ደረጃ 1፦ ደብተር አዘጋጁ

አንድ ደብተር ይበቃል። ገጹን መሐል ላይ አስምሩና በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ ፈረንሳይኛውን ጻፉ። እኔ እዚህ የምጽፈው ድምፁን በእኛ ፊደል ነው። እናንተ ግን ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል ትጽፉታላችሁ። በተለይ ፈረንሳይኛው አጻጻፉና ድምፁ ስለማይገናኙ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ለምሳሌ “አሌ” የሚለውን ድምፅ እዩት። በኢ እና በአር ከጨረሳችሁት “መሄድ” ነው። በኢ እና በዜድ ከጨረሳችሁት “ትሄዳላችሁ” ነው። ኢ ላይ ጭረት አድርጋችሁ እዚያው ካቆማችሁ “የሄደ” ነው። ሦስቱም ለጆሮ አንድ ናቸው። ሲናገሩት ችግር የለም፤ ሲጽፉት ግን ጉድ ይፈላል።

ስለ ድምፅ ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ “ቨ” ላይ ጥርስ ይነካ። የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ካልነካ “ቮን” የነበረው “ቦን” ይሆናል። “ቮን” ይሄዳሉ፣ “ቦን” ጥሩ። ሁለተኛ፣ “ቱ” ብዬ የምጽፈው “አንተ” የሚለው ቃል በትክክል “ቱ” አይደለም። አፋችሁን “ኡ” ለማለት አሹሉና ውስጥ ውስጡን “ኢ” በሉ። ለመጀመሪያ ሰሞን ያስቃል።

ደረጃ 2፦ ቅርጾቹን ሳይሆን ሥሮቹን ቁጠሩ

ሰው “አሌ”ን ሲያይ የሚደነግጠው በደርዘን የሚቆጠር ቅርጽ ስለሚያይ ነው። ሥሩን ቢቆጥር ሦስት ብቻ ነው የሚያገኘው።

አንዱ በቪ ይጀምራል፤ ቬ፣ ቫ፣ ቮን። ይህ “ቫዴሬ” ከሚለው የላቲን ግስ የመጣ ነው። ሌላው በአይ እና በአር ይጀምራል፤ ኢሬ፣ ኢራ፣ ኢሮን። ይህም ከላቲኑ “ኢሬ” ነው። ሦስተኛው ራሱ “አሌ” ነው፤ ብዙ ሊቃውንት “አምቡላሬ” ከሚለው ከላቲን ግስ ጋር ያዛምዱታል። ሦስት የተለያዩ ግሶች አንድ ቤት ገብተው ሥራ ተከፋፈሉ። የቪው ሥር የአሁኑን ጊዜ ትልቁን ክፍል ወሰደ። የአይ-አሩ የወደፊቱን ወሰደ። የተረፈው ለ“አሌ” ሆነ።

እንግሊዝኛው ከዚህ ይቀላል፤ ሥሩ ሁለት ነው። “ጎ”፣ “ጎዝ”፣ “ጎኢንግ”፣ “ጎን” አንድ ቤተሰብ ናቸው። “ዌንት” እንግዳ ነው። ድሮ “ዌንድ” የሚባል ግስ ኃላፊ ጊዜ ነበር። የ“ጎ” የራሱ ኃላፊ በጥንቱ እንግሊዝኛ “ኤዮዴ” የሚባል ሌላ ቃል ነበር፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ “ዌንት” ቦታውን ያዘው።

ይህ የፈረንጅ ተንኮል ከመሰላችሁ “መጣ”ን እዩት። መጣ፣ ይመጣል፣ መምጣት። ትእዛዙስ? “ምጣ” ብሎ ልጁን የሚጠራ አላየሁም። “ና”፣ “ነይ”፣ “ኑ” ነው። “አለ”ም እንደዚሁ ነው፤ አለ፣ ነበረ፣ ይኖራል። ከሦስት ሥር የተሰፋ ግስ ከልጅነታችን ጀምሮ ሳንሳሳት ስንናገር ኖረናል።

ስለዚህ ደብተሩ ላይ ከማንኛውም ነገር በፊት ሦስት ፊደል ጻፉና ክበቧቸው፦ ቪ፣ ኤ፣ አይ። ከዚህ በኋላ የምትጨምሩት ቅርጽ ሁሉ ከሦስቱ ክብ ባንዱ ሥር ይገባል።

ደረጃ 3፦ የአሁኑን ጊዜ ውረዱ

ፈረንሳይኛውን እንጀምር። ድምፅ አውጡ።

ዠ ቬ፤ እሄዳለሁ።
ቱ ቫ፤ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ።
ኢል ቫ፣ ኤል ቫ፤ ይሄዳል፣ ትሄዳለች።
ኑ ዛሎን፤ እንሄዳለን።
ቩ ዛሌ፤ ትሄዳላችሁ።
ኢል ቮን፣ ኤል ቮን፤ ይሄዳሉ።

“ኑ” በፈረንሳይኛ “እኛ” ነው። የኛ ጆሮ “ኑ” ሲባል ለመምጣት ይነሣል። ይህን ከለመዳችሁ ግማሹ አለቀ።

“ዛሎን” ላይ ያለችውን “ዛ” ተመልከቱ። “ኑ” እና “ቩ” ሲጻፉ መጨረሻቸው ላይ ኤስ አለች፤ ብቻዋን ስትሆን አትነበብም። ቀጥሎ አናባቢ ሲመጣ ግን ትነቃና “ዝ” ትላለች። “ኑ አሎን” ብሎ ቆራርጦ የሚናገር ሰው ወዲያው ይታወቃል። ስታጠኑ “ኑ-ዛሎን” እንደ አንድ ቃል ይውጣ።

“ኢል ቫ” እና “ኢል ቮን” ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። “እሱ” እና “እነሱ” ድምፃቸው አንድ ነው። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ግሱ ብቻ ነው። “ቫ” ካላችሁ አንድ ሰው፣ “ቮን” ካላችሁ ብዙ ሰው። በ“ኦን” ድምፅ የሚያልቅ የ“እነሱ” ግስ በአሁኑ ጊዜ በፈረንሳይኛ አራት ብቻ ነው፤ ሶን (ናቸው)፣ ኦን (አላቸው)፣ ፎን (ያደርጋሉ)፣ ቮን (ይሄዳሉ)። አራቱን በአንድ ትንፋሽ በሏቸው፤ አይረሱም።

መጽሐፉ የማይነግራችሁ ነገር ደግሞ ይኸውና። ፈረንሳዮች እርስ በርስ ሲያወሩ “ኑ ዛሎን” እምብዛም አይሉም። “ኦን ቫ” ይላሉ። “ኦን” በመጽሐፍ “ሰው” እንደማለት ነው፤ በአፍ ግን “እኛ” ሆኖ ያገለግላል። ግሱ እንደ “እሱ” “ቫ” ነው። “ኦን ቫ አ ዘጌ” ሲሉ ብትሰሙ ወደ ዘጌ እንሄዳለን ማለታቸው ነው። እናንተ ለእንግዳ “ኑ ዛሎን” በሉ፤ ሥርዓት ያለው ነው። ጆሯችሁ ግን “ኦን ቫ”ን ይጠብቅ።

“ቩ” ለጎጃም ሰው አይከብድም። “እናንተ”ም ነው፣ “አንቱ”ም ነው። ሽማግሌ እንግዳ፣ የማታውቁት ሰው፣ የምታከብሩት ሰው፣ ሁሉም “ቩ ዛሌ” ነው። “ቱ ቫ” ለእኩያና ለልጅ። እንግዳው ራሱ “ቱ” እንባባል እስኪላችሁ ድረስ “ቩ” ላይ ቆዩ። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ጨፍልቆ “ዩ” ብሎታል፤ ጳጳሱም ሕፃኑም “ዩ ጎ” ናቸው። ለኛ ይከብዳል፤ ግን ሌላ መውጫ የለውም።

የእንግሊዝኛው አወራረድ ጊዜ አይፈጅም። አይ ጎ፣ ዩ ጎ፣ ዊ ጎ፣ ዜይ ጎ። የሚለወጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሂ ጎዝ፣ ሺ ጎዝ፣ ኢት ጎዝ። ሲጻፍ ከኤስ በፊት ኢ ትገባለች። አለቀ።

አወራረዱ ቀላል ነው ብላችሁ ግን አትዘናጉ። የእኛ “እሄዳለሁ” ሁለት ሥራ ይሠራል። “ሁልጊዜ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ” እንላለን። “ነገ ሞጣ እሄዳለሁ”ም እንላለን። ቃሉ አንድ ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ይለያያል። የመጀመሪያው “አይ ጎ” ነው፤ ልማድ ስለሆነ። ሁለተኛው “አይም ጎኢንግ ቱ ሞጣ ቱሞሮው” ነው፤ የታሰበ ጉዳይ ስለሆነ። “ቱሞሮው አይ ጎ” የሚለው ከአማርኛ በቀጥታ የወጣ ነው፤ አስጎብኚዎች ሲሉት በየቀኑ ይሰማል። ፈረንሳይኛ እዚህ ላይ ከኛ ጋር ነው። “ዠ ቬ” ልማድም ይሆናል፣ አሁን መንገድ ላይ ነኝም ይሆናል፣ “ደማን” (ነገ) ካከላችሁበት የነገም ይሆናል።

ሲቀሩስ? እንግሊዝኛው “አይ ዶንት ጎ”፣ “ሺ ደዝንት ጎ” ነው፤ “ደዝ” ስትመጣ “ጎዝ” ወደ “ጎ” ትመለሳለች። ፈረንሳይኛው ደግሞ ልክ እንደኛ ግሱን ከግራና ከቀኝ ያቅፈዋል። እኛ “አል” ብለን ጀምረን በ“ም” እንዘጋለን፤ “አልሄድም”። እነሱ በ“ነ” ጀምረው በ“ፓ” ይዘጋሉ፤ “ዠ ነ ቬ ፓ”። በንግግር “ነ”ን ይውጧታል፤ “ዠ ቬ ፓ” ብቻ ይቀራል። “ፓ”ን ሰምታችሁ ግሱን ካፈረሳችሁት በቂ ነው።

ደረጃ 4፦ ያለፈውን ጊዜ፣ ቀስ ብላችሁ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። አብዛኛው ስሕተት ያለው እዚህ ነው።

ከእንግሊዝኛው “ዌንት” እንጀምር። “አይ ዌንት” ሄድኩ። ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ ሂ ዌንት፣ ዜይ ዌንት። ጥያቄና አሉታ ላይ ግን “ዲድ” ትገባለች፤ ኃላፊነቱንም እሷ ትሸከማለች። “ዲድ ዩ ጎ?” ሄድክ ወይ? “አይ ዲድንት ጎ” አልሄድኩም። “ዲድ” ባለችበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ “ዌንት” አይገባም፤ ኃላፊ ጊዜ ሁለቴ አይነገርም። ደብተሩ ላይ “ዲድ” የሚለውን በቀይ ጻፉና ከጎኑ “ጎ” ብቻ አስቀምጡ።

ቀጥሎ “ጎን” ይመጣል። ይህ ብቻውን አይቆምም፤ “ሃቭ” ወይም “ሃዝ” ይዞ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው በ“ጎን” እና በ“ቢን” መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አማርኛው ሲያብራራው ቁልጭ ይላል።

“ሂ ሃዝ ጎን ቱ ባሕር ዳር” ማለት ባሕር ዳር ሄዷል ማለት ነው። እዚህ የለም። እዚያ ነው ወይም መንገድ ላይ ነው። “ሂ ሃዝ ቢን ቱ ባሕር ዳር” ማለት ደግሞ ባሕር ዳር ሄዶ ያውቃል ማለት ነው። ሄዶ ተመልሷል፤ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንግዳውን “ጢስ ዓባይ ሄደህ ታውቃለህ?” ለማለት “ሃቭ ዩ ቢን ቱ ጢስ ዓባይ?” በሉ። “ሃቭ ዩ ጎን” ብላችሁ ፊት ለፊት የቆመን ሰው ብትጠይቁ፣ ሰውየው እዚህ ቆሞ ሳለ እዚያ ነህ ወይ እንደማለት ነው። ሂሳቡ እንግዲህ ይህ ነው፤ “ሄዶ ያውቃል” ካላችሁ “ቢን”፣ “ሄዷል፣ የለም” ካላችሁ “ጎን”።

ፈረንሳይኛው ይህን ልዩነት አይፈልግም። አንድ ቅርጽ “ሄድኩ”ንም “ሄጃለሁ”ንም “ሄጄ አውቃለሁ”ንም ይችላል። ግን የራሱ ወጥመድ አለው። አብዛኛው የፈረንሳይኛ ግስ ኃላፊ ጊዜውን የሚሠራው “አለው” በሚለው ግስ ነው። “አሌ” ግን “ነው” በሚለው ይሠራል።

ዠ ስዊ ዛሌ።
ቱ ኤ ዛሌ።
ኢል ኤ ታሌ፣ ኤል ኤ ታሌ።
ኑ ሶም ዛሌ።
ቩ ዜት ዛሌ።
ኢል ሶን ታሌ፣ ኤል ሶን ታሌ።

በመካከል ያሉትን “ዛ” እና “ታ” ብትተዉአቸው ስሕተት አይደለም፤ በንግግር ብዙ ጊዜ ይቀራሉ። “ዤ አሌ” ማለት ግን አይሆንም፤ “ዤ” “አለኝ” ስለሆነ።

“ነው” ስለገባበት የሄደው ማን እንደሆነ አጻጻፉ ላይ ይታያል። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባል። ስለዚህ ለምሳሌ ያህል ወንዱን ወደ ክብራን፣ ሴቷን ወደ ዘጌ እንላካቸው። “ኢል ኤ ታሌ አ ክብራን”፤ በጭረቷ ኢ ያልቃል። “ኤል ኤ ታሌ አ ዘጌ”፤ አንድ ተጨማሪ ኢ ይገባል። ወንዶቹ ብዙ ከሆኑ ኤስ ይጨመራል። ሴቶቹ ብዙ ከሆኑ ኢ እና ኤስ። አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ከተደባለቀ እንደ ወንድ ይጻፋል፤ እንግዲህ ሰዋስዋቸው እንደዚያ ነው። ድምፁ በሁሉም አንድ ስለሆነ ጀልባ ላይ ማንም አይይዛችሁም። ሆቴል ውስጥ ማስታወሻ ስትጽፉ ነው የሚያዝ። “ሄደ” እና “ሄደች”ን ለለየ ሰው ግን ሐሳቡ አዲስ አይደለም።

አሉታው ላይ ተጠንቀቁ። “ነ” እና “ፓ” የሚያቅፉት “ነው”ን እንጂ “አሌ”ን አይደለም። “ዠ ነ ስዊ ፓ ዛሌ”። “ፓ”ን መጨረሻ ላይ መወርወር የተለመደ ስሕተት ነው።

ሌላ ኃላፊም አለ። “እሄድ ነበር” ስንል በፈረንሳይኛ “ዣሌ” ነው። “እየሄድኩ ነበር”ም “ዣሌ” ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ ለልማዱ “አይ ዩስ ቱ ጎ”፣ በመሄድ ላይ እያሉ ለተቋረጠው “አይ ዎዝ ጎኢንግ”። ልጅ ሳለሁ ቆሎ ተማሪ ቤት እሄድ ነበር ለማለት “ዩስ ቱ ጎ” በሉ። ቡሬ እየሄድኩ ነበር፣ ጎማ ፈነዳ ለማለት “ዎዝ ጎኢንግ” በሉ። በፈረንሳይኛ ለሁለቱም እንዲህ ይወረዳል፦ ዣሌ፣ ቱ አሌ፣ ኢላሌ፣ ኑ ዛልዮን፣ ቩ ዛልዬ፣ ኢል ዛሌ። ሥሩ ከላይ እስከ ታች “አሌ” ነው፤ ቪ የለ፣ አይ የለ። ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው።

ደረጃ 5፦ የሚመጣው

ሩቅ ላልሆነው ሁለቱም ቋንቋዎች ራሱኑ “መሄድ”ን ይጠቀማሉ። እኛ “ልበላ ነው” የምንለውን እንግሊዝ “አይም ጎኢንግ ቱ ኢት”፣ ፈረንሳይ “ዠ ቬ ማንዤ” ይላል። “ልሄድ ነው”ም እንደዚያው ይሠራል፤ “አይም ጎኢንግ ቱ ጎ”፣ “ዠ ቬ ዛሌ”። ሁለቴ “ሂድ” የተባለ ቢመስልም ትክክል ነው። አሜሪካኖች “ጎኢንግ ቱ”ን አሳጥረው “ገና” ይሏታል። “አይም ገና ጎ” ሲሏችሁ ገና ነኝ፣ አልሄድም ያሉ እንዳይመስላችሁ። ሊሄዱ ነው።

ለሩቁ እንግሊዝኛ “ዊል ጎ” ነው፤ ለማንም አይለወጥም። ፈረንሳይኛው ሦስተኛውን ሥር ያወጣል፦ ዢሬ፣ ቱ ኢራ፣ ኢሊራ፣ ኑ ዚሮን፣ ቩ ዚሬ፣ ኢል ዚሮን። አይ እና አር ከሰማችሁ ጊዜው ገና አልደረሰም ማለት ነው። ቅርጹን ይዘው “ብሄድ ደስ ባለኝ” የሚል ዓይነት ምኞትም ይሠሩበታል፤ “ኑ ዚርዮን” እንደማለት። መጀመሪያ ዋናውን ያዙ።

ደረጃ 6፦ ዘንድ

ፈረንሳይኛ የሚማር ሰው ሁሉ የሚያማርረው አንድ አንቀጽ አለ። መጻሕፍቱ “ሱብዦንክቲፍ” ይሉታል። ብዙ ዓመት ተምረው እሱ ላይ ሲደርሱ የሚያቆሙ አሉ። እኔ ለቅኔ ቤት ልጅ ይህን ለማስረዳት አንድ ቃል ይበቃል ባይ ነኝ፤ ዘንድ።

“ሖረ”ን እንዴት ነው የምናወርደው? ሖረ፣ ሄደ። የሐውር፣ ይሄዳል። ይሑር፣ ይሄድ ዘንድ። ይሑር፣ ይሂድ። ሦስተኛውና አራተኛው ቅርጻቸው አንድ ነው። አንዱ ዘንድ ነው፣ አንዱ ትእዛዝ ነው።

ፈረንሳይኛው “ኪላይ” ይህንኑ ያደርጋል። “ይሄድ ዘንድ” ይሆናል፤ “ይሂድ” ብሎ ለሦስተኛ ሰው ማዘዝም ይሆናል። አንድ ሰው ሌላው እንዲሄድ ሲፈልግ፣ ሲያዝ፣ ሲፈራ፣ የግድ ሲሆንበት፣ “ከ” የምትል ቃል ትመጣና ቀጥሎ ይህ አንቀጽ ይገባል። “ኢል ፎ ከ ዣይ” መሄድ አለብኝ። “ዠ ቨ ከ ቱ አይ” እንድትሄድ እፈልጋለሁ። እንደሚታየው “እንድትሄድ” የሚለው አማርኛችንም ከ“ትሄዳለህ” የተለየ ቅርጽ ነው፤ “እንድትሄዳለህ” አይባልም። ፈረንሳዩም “ከ ቱ ቫ” አይልም። ያው ጠባይ ነው።

አወራረዱ ይህ ነው፦ ከ ዣይ፣ ከ ቱ አይ፣ ኪላይ፣ ከ ኑ ዛልዮን፣ ከ ቩ ዛልዬ፣ ኪል ዛይ። “ኑ” እና “ቩ” ላይ ከላይ ከነበረው “እሄድ ነበር” ጋር ፊደል ሳይቀር አንድ ነው፤ ሁለቴ አትለፉ። የቀሩት አራቱ ሁሉ “አይ” ናቸው። በእንግሊዝኛ “አይ” “እኔ” ነው፣ በአማርኛ “አይ” እምቢታ ነው፣ እዚህ ደግሞ መሄድ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ ልዩ ቅርጽ አያወጣም፤ “አይ ሃቭ ቱ ጎ” እና “አይ ዎንት ዩ ቱ ጎ” ብሎ ያልፋል።

ፊት ለፊት ላለ ሰው የሚሰጥ ትእዛዝ ግን ከሱብዦንክቲፍ አይወጣም። “ቫ!” ሂድ። “አሌ!” ሂዱ። “አሎን!” እንሂድ። “ቫ” ስትጻፍ “ቱ ቫ” ላይ የነበረችው ኤስ ትወድቃለች። እንግሊዝኛው “ጎ!” እና “ሌትስ ጎ!” ነው። ለእንግዳ ባዶ “ጎ!” አትበሉ፤ ማባረር ይመስላል።

ደረጃ 7፦ መንገዱ ላይ አውርዱት

ዓባይን ተሻግራችሁ ጎጃም ከገባችሁ በኋላ አስፋልቱ ከተሞቹን በተራ ያመጣቸዋል፦ ደጀን፣ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር። ይህ ተራ የተዘጋጀ የመልመጃ ገጽ ነው። አውቶቡስ ላይ ሆናችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በሐሳብ፣ አንድ ከተማ ላይ ቁሙ። ሦስት ዓረፍተ ነገር በሉ፤ ያለፈውን፣ የአሁኑን፣ የሚቀጥለውን።

ደምበጫ ላይ ነን እንበል። ያለፈው ማርቆስ ነው፦ “ኑ ሶም ዛሌ አ ደብረ ማርቆስ”፣ “ዊ ዌንት ቱ ደብረ ማርቆስ”። አሁን የምንሄድበት ፍኖተ ሰላም ነው፦ “ኑ ዛሎን አ ፍኖተ ሰላም”፣ “ዊ አር ጎኢንግ ቱ ፍኖተ ሰላም”። ሩቁ ባሕር ዳር ነው፦ “ኑ ዚሮን አ ባሕር ዳር”፣ “ዊ ዊል ጎ ቱ ባሕር ዳር”። ከሦስቱ ሥሮች ሁለቱን ነካችሁ ማለት ነው፤ ቪው ብቻ ቀረ። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ስትደርሱ “እኛ”ን ትታችሁ “እኔ”ን ያዙ። “ዠ ቬ አ ቡሬ” ትላላችሁ። ቡሬ ላይ “አንተ”ን፣ እንጅባራ ላይ “እሷ”ን፣ እያለ ይቀጥላል። ዳንግላ ላይ ሁሉንም በአሉታ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ በሹክሹክታ ይበቃል። ጓደኛ ካለ ይሻላል፤ አንዱ “ዳንግላ፣ እነሱ፣ ትናንት!” ብሎ ይጠራል፣ ሌላው ሳያስብ ይመልሳል። ካሰበ አልያዘውም። ቅኔ ቤት አስነጋሪው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ደረጃ 8፦ ከግሱ በኋላ የሚመጣው

እንግሊዝኛ ላይ “ቱ” ትፈልጋላችሁ፤ “ጎ ቱ ቡሬ”፣ “ጎ ቱ ዘ ማርኬት”። ቤት ላይ ግን የለችም፤ “ጎ ሆም”። ለጸሎት ከሆነ “ጎ ቱ ቸርች”፤ ሕንፃውን ለማየት ከሆነ “ጎ ቱ ዘ ቸርች”። ዘጌ ላይ እንግዳውን የምትወስዱት ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ፈረንሳይኛ ላይ ለከተማ “አ” ብቻ ነው። ወንዴ ስም ከሆነ ከ“ለ” ጋር ተጣብቆ “ኦ” ይሆናል፤ “ኦ ማርሼ” ወደ ገበያ። ሴቴ ከሆነ “አ ላ”። በአናባቢ ከጀመረ “አ ል”፤ “አ ሌግሊዝ” ወደ ቤተ ክርስቲያን። ሴቴ ለሆነ አገር “አን” ነው፤ “አን ኤትዮፒ”። ሰው ቤት ከሆነ “ሼ”፤ “ሼ ሙአ” ወደ እኔ ቤት።

ቦታውን ካልጠራችሁትስ? በአማርኛ “እሄዳለሁ” ብሎ ማቆም ይቻላል፤ እንግሊዝኛም “አይም ጎኢንግ” ይላል። ፈረንሳይኛ ግን “ዠ ቬ” ብሎ አያቆምም፤ ሰሚው የት ብሎ ይጠብቃል። “እዚያ” የምትል ትንሽ “ኢ” መሐል ትገባለች፤ “ዢ ቬ”። ለማበረታታት “ቫዚ”፣ ለእንሂድ “አሎንዚ”፣ ለሂዱ “አሌዚ”። “ቫ” ላይ የወደቀችው ኤስ ለ“ቫዚ” ስትባል ብቻ ተመልሳ ትጻፋለች። ወደፊት ላይ ደግሞ ይህች “ኢ” ትጠፋለች። ነገ ጢስ ዓባይ ትሄዳለህ ወይ ተብላችሁ “እሄዳለሁ” ለማለት “ዢሬ” ብቻ በቂ ነው፤ ግሱ ራሱ በ“ኢ” ስለሚጀምር ሁለተኛዋን “ኢ” አይፈልግም።